ይቅላ?

ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አስጠግታ «እዪው እማ፣ እንዴት አምሮብሻል!» አለችኝ። አየሁት። ከሷ ጎን የተቀመጠች አንዲት ቀይ ሴትዮ ትስቃለች። ነጠላው የኔ ነው፤ ጉትቻውም የኔ ነው። ፊቱ ግን የማን እንደሆነ እንጃ። ጉንጬ ላይ ያለው ማድያት እንኳ ድራሹ ጠፍቷል።

«ማን አቅላኝ አለሽ?»

«ማንም አላቀላሽም። ስልኩ ራሱ ነው የሚያደርገው።»

ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ወዲያው መልሼ ዘጋሁት። ሲጨንቀኝ እንዲህ ነኝ፣ አንድ ቦታ አልረጋም። ይሄንንም የማወጋችሁ እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነውና ታገሡኝ። ስልኩ ራሱ ነው ትለኛለች! በኛ ጊዜ ቢያንስ ሰው ይጠየቅ ነበር።

የሚጠይቀው ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ገበያ መውረጃው ላይ ፎቶ ቤት የነበረው ሰውዬ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሥራ ላይ ሲሆን የማያቋርጥ ፉጨት ያለው ሰው። ፎቶ ቤቱ ሲገቡ የፓውደርና የጋለ አምፖል ሽታ ይቀበላል። ግድግዳው ላይ ማናችንም አይተነው የማናውቀው ባሕር ተሥሏል፤ ከባሕሩ ፊት አንዲት በርጩማ ተቀምጣለች። መጋረጃው ተጋርዶ ቢጫው መብራት ሲበራ ዓይን ይወጋል። «ቀና በይ! እጅሽን ጉልበትሽ ላይ! እንዳትተነፍሺ!» ይላል። ካሜራው ቀጭ ካለ በኋላ፣ ስማችሁን እየጻፈ፣ ቀና እንኳ ሳይል ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «ይቅላ?»

ለማቅላቱ የሚጨምረው ሂሳብ አልነበረም። ፊት እንደመታጠብ፣ ጸጉር እንደማበጠር ያለ ነገር ነበር። እንዲያውም «የለም፣ እንዳለ ይሁን» የሚል ሰው ሲመጣ ፉጨቱን አቁሞ ነበር የሚያየው።

እህቴ ከኔ ትበልጣለች፤ እታለም ነበር የምላት። እናታችን እኔን ከወለደች በኋላ ብዙ አልቆየችም፤ ያሳደገችን ደብረ ኤልያስ ገጠሩ ውስጥ የምትኖረው አክስታችን ናት። እኔ ጠይም ነኝ። እህቴ ግን ጥቁር ነበረች፣ ዝናብ እንዳረሰረሰው የመረሬ አፈር ያለ ጥቁር። አክስታችን በስሟ ጠርታት አታውቅም። «ጥቁሬ» ነበር የምትላት። «ጥቁሬ ነይ፣ ጥቁሬ ብዪ፣ ጥቁሬ አንቺ እሳት የላስሽ!» አንድ የአጨዳ ወቅት እህቴ ከትልልቆቹ እኩል ካላጨድኩ ብላ ማጭድ የግራ አውራ ጣቷን በላት። አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ ቀዳ ያሰረችላት «ጥቁሬን! ወይኔ ጥቁሬን!» እያለች ነው። ቁስሉ ሲድን ጣቷ ጠባሳ ይዛ ወደ ውስጥ ጎበጥ ብላ ቀረች። የዚያን ቀን የታጨደው ጤፍ ሽታ አሁንም ድረስ አፍንጫዬ ላይ አለ።

ጥቁር መሆን የሚያስነውር ነገር እንደሆነ የሰማነው ለትምህርት ማርቆስ ገብተን ቤት ስንከራይ ነው። ደጎቹ «ጠቆር ትላለች እንጂ ቆንጆ ናት» ይሏታል። ክፉዎቹ፣ አባቶቻችን ቆላ ወርደው በባርነት ያመጧቸውን ሰዎች ይጠሩበት በነበረው ስም ይጠሯታል፤ ስሙን እዚህ አልደግመውም። እህቴ ሁለቱንም እኩል ትጠላ ነበር። በአንድ ፋሲካ አገር ቤት ስንሄድ፣ ገና ከደጃፉ ሳንገባ፣ «እቴቴ፣ ከእንግዲህ ጥቁሬ አትበዪኝ» አለቻት አክስታችንን።

«ታዲያ ማን ልበልሽ?»

እህቴ አልፋት ወደ ቤት ገባች። አክስቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንቺ» ነው የምትላት። «አንቺ ነይ። አንቺ ብዪ።» በዓሉ ሁሉ እንዲህ አለፈ።

እህቴ የሆቴል ሙያ ተምራ በጥሩ ውጤት ተመረቀች። ያኔ ለመንገድ ሥራ የሚመጡ የውጭ ሰዎች የሚያርፉበት አዲስ ሆቴል ተከፍቶ ስለነበር እንግዳ ተቀባይ ልትሆን አመለከተች። ሸሚዟን እኔ ነኝ የተኮስኩላት። ባለሆቴሉ ወረቀቷን አየ፣ እሷን አየ፣ እንግሊዝኛዋንም ሰማና ምን አላት መሰላችሁ? «ልጄ፣ ችሎታሽን አልጠላሁትም። ግን ፊት ለፊት የምትቆመው ቀላ ያለች ብትሆን ይሻለኛል፤ ፈረንጅ ይመጣብኛል።» ላውንደሪ፣ አንሶላ ማጠቢያው ውስጥ ቦታ አለ አላት። ገባች። ሰው መብላት አለበት።

ነገሩ እንዴት እንደሚያስቅ ልንገራችሁ። ከመጡት መሐንዲሶች ዋናው ከእህቴ የባሰ ጥቁር ነበር። ባለሆቴሉ ሾፌራቸው መስሎት ሻንጣ እንዲያወርድ አዘዘው። እህቴ ማታ ይሄን ስትነግረኝ እስክትታጠፍ ሳቀች፤ ሳቋን ስትጨርስ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

አሁን አስተማሪ ነኝ፤ ያኔ ያላወቅሁትን አንዳንድ ነገር አንብቤአለሁ። አፍሪካን የተቃረጡት ሰዎች ቆዳና አፍንጫ እየለኩ ሕዝብን በደረጃ ሲደረድሩ፣ እኛን ደገኞቹን ከሌላው ጥቁር አንድ ደረጃ ከፍ አድርገው ጻፉን። ቅኝ አልተገዛንም እንላለን፤ አልተገዛንምም። የሰጡንን ደረጃ ግን ተቀብለን ቁጭ አልንበት። ከበታችን የምናስቀምጠው ሰው ከነሱ በፊትም አላጣን፤ ደረጃው ሲመጣ የተዘጋጀ ቤት ነው ያገኘው። ይሄን ክፍል ውስጥ ስናገር ጠመኔው እጄ ላይ ይሰበራል።

ወደ እህቴ ልመለስ። በመጀመሪያ ደሞዟ ክሬም ገዛች። ካርቶኑ ላይ አንዲት ፈረንጅ ጉንጯን በጣቷ ነክታ ትስቃለች። ክፍላችን በረኪናና ጽጌረዳ አንድ ላይ የተደፋበት ይመስል ይሸት ጀመር። ፊቷ መጀመሪያ ነጣ አለ፤ ቀጥሎ ቀላ፤ ከዚያ ተላጠ። ፀሐይ ስትነካት ታለቅሳለች። «መልክ ታጥቦ አይጠጣም፣ እታለም» ብላት «አንቺ ምን አለብሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያቺ ቃል ዛሬም ትቆጠቁጠኛለች። በመጨረሻ ክሬሙን መጸዳጃ ቤት ወርውራ ተወችው፤ መልኳም ቀስ በቀስ ተመለሰ።

ፎቶ ግን አልከዳትም። ለበዓል፣ ለልደት፣ ለሥራ ማመልከቻ፣ ምክንያት ባገኘች ቁጥር ያቺ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ሰውዬው «ይቅላ?» ሊላት አፉን ሳይከፍት «ይቅላ!» ትላለች። አልበሟን ከትራሷ ሥር አታጠፋውም ነበር።

አንድ ክረምት ታመመች። ሐኪም ቤት በእግሯ ገብታ በሬሳ ሣጥን ወጣች። አክስታችን መርዶው ዘግይቶ ደረሳት፤ ዝናቡም መንገዱን ስለዘጋው ቀብሩ አመለጣት። እሷ ስትመጣ እህቴ አፈር ለብሳ ነበር፤ የቀረው ፎቶዋ ብቻ ነው።

ፎቶዋን በፍሬም አድርገን ድንኳኑ ውስጥ ሴቶች እየተቀባበሉ ያለቅሱበታል። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። አክስቴ ጭቃ በጭቃ ሆና፣ ደረቷን እየደቃች ገባች። ፎቶውን አስታቀፏት። ቀና አድርጋ አየችው። ልቅሶዋን አቆመች።

«ይቺ የማን ልጅ ናት?»

ሰዉ ሐዘን አዞራት ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። ፎቶ አንሺው ለልቅሶ መጥቶ ዳር ላይ ተቀምጦ ኖሮ ተነሳ። «እማማ፣ ልጅዎ ናት እኮ። ትንሽ ቀላ ስላደረግኋት ነው።»

«ማን አቅላት አለህ?»

«እሷው» አለ፣ ድምፁ ሰልሎ።

አክስቴ ዙሪያዋን አየች። «ልጄን ሳላያት ቀበራችኋት። አሁን ደግሞ የሰው ልጅ አስታቅፋችሁ ታስለቅሱኛላችሁ? ልጄን አምጡልኝ! ፊቷን አምጡልኝ!»

ሮጥኩ። ከትራሷ ሥር አልበሙን አውጥቼ ገለጥኩ፤ ገለጥኩ፤ አንዲት ቀይ ልጅ ከአንድ ባሕር ፊት በተለያየ ቀሚስ ታየኛለች። የትምህርት ቤት መታወቂያዋ ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ እንኳ የቀላ ነው። ፎቶ አንሺው ተከትሎኝ መጥቶ ነበርና ዝናብ እየመታን ፎቶ ቤት ሄድን። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ፈለገ፣ ፈለገ። «ዋናውን አላስቀምጠውም፤ ቦታ ይይዛል» አለኝ። የዚያን ዕለት አላፏጨም። በሩ ላይ ቆሜ፣ ታላቅ እህቴ በገዛ ፊቷ አንድም ቀን ፎቶ እንዳልተነሳች ያኔ ገባኝና ጮኼ አለቀስኩ።

ባዶ እጄን ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ። ለአክስቴ ምን እንደምላት እየፈራሁ ተጠጋሁ። ፎቶው ጭኗ ላይ ነው። የነጠላዋን ጫፍ ጎትታ ፊቱን ሸፍናዋለች። ከነጠላው በታች የሚታየው ጉልበት ላይ የተደረቡት ሁለት እጆች ብቻ ናቸው። ሰውዬው ፊትና አንገት ብቻ ነበር የሚያቀላው፤ እጅ ማን ያያል ብሎ ነው መሰለኝ። እንደነበሩ ናቸው፦ ጥቁር፣ ጎበጥ ያለችው አውራ ጣት ከነጠባሳዋ።

አክስቴ መስታወቱ ላይ ጣቷን ትዳብሳለች።

«መጣሽ?» አለች፣ ለኔ አይደለም። «መጣሽ ጥቁሬ? ጥቁሬ፣ ጥቁሬ፣ ጥቁሬ…» ስንት ዓመት የያዘችውን ስም አንድ ላይ አፈሰሰችው። ድንኳኑም አብሮ ተነቃነቀ።

ይኸው አሁን ልጄ «አትደበሪ፣ ሌላ ላንሳሽ» እያለችኝ ነው። ስልኩን ከእጇ ተቀብዬ ያንኑ ፎቶ መልሼ አየሁት። ፊቶቻችንን በአውራ ጣቴ ሸፈንኳቸው። ትከሻዬ ላይ ያረፈ የልጄ እጅ አለ። ስልኩ እሱን አልነካውም። የእህቴ እጅ ነው፤ ልጄ በመልኳ እሷን እንደወጣች ዛሬ ገና ያየሁት መሰለኝ።

«ጥቁሬ» አልኳት፣ ሳላስበው።

ሳቋ ጠፋ። ስልኩን ከእጄ ወሰደችና «እማ፣ እንደሱ አትበዪኝ» አለችኝ።