ሐይቅ የገዛው መምህር

ልጄ ትናንት ደውላ ቢሾፍቱ ቤት ልትገዛ እንደሆነ ነገረችኝ። ትንሽ፣ ፀጥ ያለ ሐይቅ ዳር። ደስ አላለሽም ወይ ስትለኝ ወጥ አረረብኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ወጥም አልጣድኩ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ የሃያ ዓመት ሙሽራ ነበርኩ። ከቦሬ ደጋ፣ ከገብሱና ከጭጋጉ አገር፣ መምህሩን ባሌን ተከትዬ ነገሌ ወረድኩ። የተከራየነው ክፍል ግድግዳው ስስ ስለነበር ሳስነጥስ አከራያችን ከወዲያ ማዶ "ይማርሽ" ይሉኛል። የራሴ በር አማረኝ። ዝናቡ አባርቶ የሊበን ሜዳ ለምልሞ ሳለ፣ አንድ ወታደር ከከተማ ወጣ ያለ ቤቱን ሊሸጥ ነው ተባለና ሄደን አየነው። ቆርቆሮ ክዳን፣ ደጃፉ ላይ ውሃ፣ ውሃው ላይ ዳክዬ። ባሌ ራሱን አከከና እስኪ በጋውን እንየው አለ። እኔ የት አባቴ ልታገሥ! አለቀስኩ፣ እህል አልቀምስም ብዬ ተኛሁ። ገዛው።

ወታደሩ አጥር አልነበረውም፤ እኔ በእሾህ አሳጠርኩ። ጎረቤታችን ኦቦ ቦሩ፣ ከብት አርቢው ሽማግሌ፣ "አካም፣ ናጋ?" እያሉ መጡና እሾሁን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

"ልጄ፣ ወደ ውሃ የሚወስድ መንገድ ላይ አይታጠርም። ከብቱ በየት ይለፍ?"

ቀንተው ነው ብዬ አንድ ረድፍ ጨመርኩበት። ጉድ እኮ ነኝ።

በጋ ሲገባ ከብቱ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። መንገዱን ሲያጣ አጥራችንን ከብቦ ይቆማል፤ ከጠዋት እስከ ማታ አቧራ፣ ዝንብ፣ እምቧታ። በገዛ ቤቴ ታሰርኩ። ሐይቁም በየቀኑ እየሸሸ መጀመሪያ ጭቃ፣ ኋላ የተሰነጣጠቀ መሬት ሆነ። ለካ የዝናብ ኩሬ ኖሯል! እንሽጠው ብንል ማን ይግዛን? የቀረው ውሃ ከብት አርቢዎቹ የቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓድ ብቻ ነበር። እሱ በተራ ይቀዳል፣ ተራውን የሚሰጡት ደግሞ ኦቦ ቦሩ ናቸው። በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ባሌ ከትምህርት ቤት በጀሪካን የሚያመጣትን እየቆጠብኩ ባዶ እንስራ ታቅፌ እቀመጣለሁ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሽማግሌው ራሳቸው በአህያ ውሃ ጭነው የአጥሩ በር ላይ ቆሙ። በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው ልላቸው አፌን ስከፍት ባሌ ቀደመኝ።

"አጥፍቻለሁ፣ ኦቦ ቦሩ። ቤቱንም አጥሩንም የፈለግሁት እኔ ነኝ።"

እኔም አፌን መልሼ ዘጋሁ። እሳቸው ተራችሁ በየሦስት ቀኑ ነው ብለው ውሃውን አራገፉ። ባሌ ያን ቀን እሾሁን በእጁ ሲነቅል ዋለ።

ወሬው ግን ከተማ ደረሰ። "ሐይቅ የገዛው መምህር" ተባለ። በሠርጉም በለቅሶውም ይሳቅበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ልጆቼ በዚሁ ቀልድ አደጉ። ከቤቱስ በዝውውር ወጣን፤ እኔ ከዚህ ነገር አልወጣሁም። አፈር እስኪለብስ ድረስ አንድ ቀን እንኳ "እሷ ናት" አላለም።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ጋ መልሼ ደወልኩ። እንደ አባባ እንዳትሸወጂ ልትዪኝ ነው አይደል ብላ ሳቀች።

"አባትሽ አልነበረም" አልኳት። "አልቅሼ ያስገዛሁት እኔ ነኝ።"

ሳቋ ተቋረጠ። 

"ምነው እማዬ፣ እሱ እያለ ብትነግሪን?"

የዛሬን ስልኩን አልዘጋሁትም፤ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ከዳክዬው ጀምሬ ነገርኳት።