ስድስት ደወል

የሰርካለም የቀኝ እጅ አውራ ጣት ጥፍር የለውም። ከዚህ የምጀምረው ወግ ለማሳመር ብዬ አይደለም፤ ያስያዛት ይኸው ጣት ስለሆነ ነው። ዮርዳኖስ፣ ዓማን ከተማ፣ ማርካ ሰፈር ውስጥ፣ ከአሮጌው የአውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ፣ አንድ ክፍል ተከራይተን ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል። እሷ የድሬዳዋ ልጅ፣ እኔ ሐያት የከሚሴ። ሁለታችንም በሰዓት እየተከፈለን የሰው ቤት እናጸዳ ነበር። እኔ ተናዳጅ ነኝ፣ አልደብቅም። እሷ አትናደድም፤ እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያናድደኝም ይኸው ነበር።

አባቷ ጋሽ ጌጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፣ የጥገና ክፍል። ሰርካለም ያደገችው የሳቸውን ምሳ እየያዘች ወርክሾፕ ስትመላለስ ነው። ባቡሩ ቆመ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ኩላሊታቸው እንቢ አለ። በሳምንት ሁለት ጊዜ እጥበት ያስፈልጋቸዋል፤ ልጅ ደግሞ ከሷ ሌላ የላቸውም። ሰርካለም ከሠራች ይታጠባሉ፤ ካልሠራች አይታጠቡም። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ነበር።

ዓማን የመጣችው እንደ ብዙዎቻችን በመክተብ፣ በሠራተኛ አስመጪ ቢሮ በኩል ነው። ኸልዳ ሰፈር ያለ ትልቅ ቤት፣ ማዳም ሪማ የምትባል እመቤት፣ የሁለት ወር ሕፃን። ሰርካለም የሚለው ስም ለምላሳቸው ስለከበዳቸው ሱሱ አሏት። ሕፃኗ ጁድ በሷ ጀርባ ላይ አደገች፤ ማታ ማታ የምትተኛው አውራ ጣቷን ጨብጣ ነው። አንድ ቀን ሰርካለም ትሪ ከምድጃ ስታወጣ ያ ጣት ተቃጠለ። ማዳም ሪማ የጥርስ ሳሙና ቀባችላትና "እንግዶቹ በር ላይ ናቸው" አለቻት። ጥፍሩ ወደቀ፤ ተመልሶም አልበቀለም።

ኮንትራቱ ሁለት ዓመት ነበር፤ አራት ዓመት አቆዩዋት። ፓስፖርቷም ስልኳም የማዳም ቁምሳጥን ውስጥ ይቆለፍባቸው ስለነበር የአባቷን መታመም የሰማችው ሦስት ወር ዘግይታ ነው። አንድ ንጋት ላይ ጣቷን ከአራት ዓመቷ ልጅ መዳፍ ቀስ አድርጋ አላቀቀችና በኩሽና በር ወጣች። "ያን ቀን ልጅቱ ሳትነቃ እጇን ጨበጥ ዘርጋ፣ ጨበጥ ዘርጋ ስታደርግ አይቻታለሁ" ብላኛለች። ከዚያ በኋላ ሹርጣ፣ ፖሊስ ዘንድ፣ ሃርባና፣ ማለት የጠፋች፣ ተብላ ተመዘገበች። እቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላት፣ ፓስፖርት የላት፤ ሰርቪስ ታክሲ ላይ ፖሊስ ባየች ቁጥር ፊቷን ወደ መስኮት እያዞረች ሦስት ዓመት ሠራች። ጋሽ ጌጡም ሦስት ዓመት ታጠቡ።

ሚስተር ኮልምን ያገኘችው በዚህ መሀል ነው። አይሪሽ ነው፤ ጡረታ የወጣ አስተማሪ፤ ዮርዳኖሳዊት ሚስቱ ሞታበት ጁበይሃ ሰፈር ብቻውን ይኖራል። የመጀመሪያ ቀን ሳሎኑን ስትከፍት ግማሹን የያዘ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሀገር ተዘርግቶ ጠበቃት። ትንንሽ የድንጋይ ቤቶች፣ ዝናብ የበላው ሜዳ፣ እዚያ ሀገር የሚያነዱት ጥቁር አፈር እንደ ኩበት ተቆልሎ። በመሀሉ ቀጭን ሐዲድና ባሊናሪ የምትባል ትንሽ ጣቢያ። ሽማግሌው የተወለደባት መንደር ናት፤ እውነተኛው ሐዲድ ከተነቀለ ስልሳ ዓመት አልፎታል። ሐዲዱ ላይ ዝገትና ጥላሸት የለበሱ ፉርጎዎችና አንድ ባቡር ቆመዋል፣ ጣት ጣት የሚያክሉ።

እሷ ምን ታድርግ? አጽጂ ተብላ ነው የመጣችው። ሁሉንም ሰብስባ ወጥ ቤት ወሰደችና በክሎሮክስና በጥርስ ብሩሽ አንድ በአንድ አሽታ እንደ ሙሽራ አብለጨለጨቻቸው። ሚስተር ኮልም ከገበያ ሲመለስ ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። ያንን ዝገት በቀጭን ብሩሽ እየነካካ ለመቀባት ስምንት ወር ፈጅቶበት ኖሯል! ማታ ስትነግረኝ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እኛን ቆሻሻ የሚያስጠርግ ሰው፣ ለራሱ ቆሻሻ ሲቀባ ይኖራል።

በሳምንቱ የማትመለስ መስሎኝ ነበር። ተመለሰች። ትንሽ አመድና የምግብ ዘይት ይዛ ሄዳ ብሩሽ ስጠኝ አለችው። ጥላሸቱ የት እንደሚጋገር፣ ዘይቱ ከየትኛው መገጣጠሚያ እንደሚንጠባጠብ፣ ውሃ የሚሞላበት አፍ ላይ ነጩ ዝቃጭ እንዴት እንደሚደርቅ ታውቃለች፤ ወርክሾፕ ስትመላለስ፣ የአባቷን የሥራ ልብስ ስታጥብ ነዋ ያደገችው! ሽማግሌው በማጉያ መነጽር አየ፣ ደግሞ አየ።

"ማነው ያስተማረሽ?" አላት በዓረብኛ።

"አባቴ።"

ከዚያ ወዲያ ጽዳቱ ሰበብ ሆነ። የሽማግሌው እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ ትንንሹን ነገር የምትሠራው እሷ ሆነች። ከጠረጴዛው ኋላ ደመናማ ሰማይ የተሳለበት ሸራ ተወጥሯል። ባቡሮቹ በሸራው ሥር ባለች ቀዳዳ አልፈው ወደ ጀርባ ይገባሉ፤ እዚያ የማይታይ ሰው ቆሞ አዙሮ ይመልሳቸዋል። ያ ሰው ሰርካለም ነበረች። ስለማይተያዩ በደወል ይነጋገራሉ፣ የድሮ ባቡር ጣቢያዎች ይነጋገሩ እንደነበረው። አንድ ደወል፣ አለህ ወይ? ሁለት ደወል፣ ባቡር ልኬያለሁ። ስድስት ደወል አደጋ ነው፤ ያለህን ሁሉ ጣልና አቁም።

ጣቢያው ላይ ቡናማ ሻንጣ ያነገበች የእህል ፍሬ የምታክል ሴት ተጣብቃለች። አክስቱ ናት አሉ፤ ለሰው ቤት ሥራ ወደ እንግሊዝ ስትሄድ፣ በዚያች ባቡር። "ተመልሳ መጣች?" ብላ ሰርካለም ጠየቀችው። "አልመጣችም" አላት። በዚያው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ያለፈው ጥቅምት መንግሥት ወረቀት ለሌላቸው ሠራተኞች የእፎይታ ጊዜ ሰጠ። አዲስ ከፊል፣ ማለት ኃላፊነት የሚወስድ አሠሪ ያገኘች ሰው ቅጣቷ ተነስቶ እቃማ ታወጣለች። ሚስተር ኮልም "እኔ ከፊል እሆንሻለሁ" አለ፤ ከመሥሪያ ቤቱ ቀጠሮ ያዙ። ቀጠሮው እሑድ ነበር። ዓርብ ደግሞ የትንንሽ ባቡር ወዳጆች ዓመታዊ ኤግዚቢሽን፣ እዚያው ጁበይሃ፣ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ።

"እሑድ ሳያልፍ አትወጪም" አልኳት። "ሁለት ቀን ቤት መቀመጥ ያቅትሻል?"

"እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሐያት። ከኋላ የሚቆምለት ሰው የለም።"

"ኸላስ፣ ይቅራ! መጫወቻ ነው! አባትሽን አስቢ እንጂ!"

"ከሸራው ጀርባ ነኝ። ከዚያ የተሻለ መደበቂያ ማርካም የለም።"

"የፈሩት ይደርሳል።"

"የጠሉት ይወርሳል። ብለሽ ጨርሺው እንጂ" ብላ ሳቀችብኝ። እንግዲህ እኔም ተከትያት ሄድኩ። ከፊት ሆኜ ሰው ላይላት፣ የማያምር ነገር ካየሁ ልነግራት።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። በረሃ የሚያቋርጥ የሒጃዝ ባቡር የሠራ አለ፣ የስዊዝ ተራራ የሠራ አለ። ሰው የሚጋፋው ግን የኛዋ ባሊናሪ ጋ ነው፤ ያ ጥላሸት፣ ያ ዝገት እውነት ይመስላል። ሚስተር ኮልም አዲስ ክራቫት አስሮ ከፊት ቆሟል። ደወሏ ቅጭል ትላለች፣ ከሸራው ጀርባ ያለችው ቅጭል ብላ ትመልሳለች፣ ባቡሯ ከሰማይ ሥር ብቅ ትላለች፣ ልጆች ይንጫጫሉ። ሰው ላይላት የመጣሁት እኔ፣ ሞኟ፣ ዓይኔን ያችን ሻንጣ የያዘች ሴት ላይ ተክዬ ቀረሁ። ይህን ለራሴ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ባቡሯ ቀዳዳዋ አፍ ላይ ስትደርስ ከሐዲድ ወጥታ ጋደል አለች። ሽማግሌው ሊያነሳት እጁን ዘረጋ፤ እጁ ተንቀጠቀጠና አንድ ዛፍ ጣለ። ሰዉ አጉረመረመ። ያን ጊዜ ከሰማዩ ሥር፣ ከቀዳዳዋ፣ አንድ እጅ ወጣ። ባቡሯን በሁለት ጣት ቀስ አድርጎ አነሳ።

ሰማያዊ ጃኬት የለበሰች የሰባት ዓመት ልጅ በመከለያው ገመድ ሥር ሾልካ ጠረጴዛው ላይ ተንጠራራችና ያንን አውራ ጣት በሙሉ መዳፏ ጨበጠችው።

"ሱሱ!" አለች። "ማማ፣ ሱሱ! የሱሱ ጣት ነው!"

ከኋላዋ የቆመች ረጅም ሴት ፊቷ ተለወጠ። እኔ ማዳም ሪማን አይቻት አላውቅም፣ ግን አወቅኋት። ሚስተር ኮልምም ታሪኩን ሁሉ ያውቃል፤ ሱሱ የሚለውን ስም ሲሰማ ማን እንደመጣ ገባው። ያ የሚንቀጠቀጥ እጁ ደወሏን ያዘ። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል። ስድስት። አልተሳሳተም፤ እኔ ራሴ ቆጥሬያለሁ።

ከሸራው ጀርባ በር ነበረ፤ ከበሩ ውጭ ታክሲ ነበረ። እጇን ስባ መሮጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። የሰርካለም እጅ ግን አልተነቃነቀም። ልጅቷ ጨብጣ ትስቃለች፣ ጣቱም በቀስታ የልጅቷን ጣት ያሻል። ማዳም ሪማ ልጇን በትከሻዋ ጎትታ ስታላቅቃት ባቡሯ ከሰርካለም እጅ አመለጠችና ወለሉ ላይ ወደቀች። ከዚያ ማዳም በጎን ዞራ ሸራውን ገለጠች። ሰርካለም ብዕር የሚያክል ብሩሽ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ቆማለች። "ልጄ ስድስት ወር ሙሉ እንቅልፍ አልነበራትም፣ ታውቂያለሽ?" አለቻት ሴትዮዋ። ይህን ብላ አጠገቧ የቆመውን ባሏን "ለፖሊስ ደውል" አለችው። የሷ ልጅ እንቅልፍ አጣች፤ ያንዷ አባት ደም ሊመረዝ ነው። እጅ አመድ አፋሽ ሲሆን እንዲህ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ በፍርግርግ በኩል ስጠይቃት እያለቀስኩ ጮኽኩባት።

"ደወሉን አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን እጅሽን አልሳብሽም? አባትሽን ረሳሽ?"

"አልረሳሁም" አለችኝ። "አንዴ አስለቅቄያት ሄጃለሁ፣ ሐያት። ያኔ ተኝታ ነበር። እያየችኝ አልቻልኩም።"

የዚያ ቀን ተመልካቹ ሁሉ ድምጽ ሰጥቶ ባሊናሪ ዋንጫ አግኝታለች። ሚስተር ኮልም ዋንጫውን በጥቁር ላስቲክ ጠቅልሎ እስር ቤቱ በር ድረስ ወሰደው፤ ብረት ነገር አይገባም ብለው መለሱት። ለእሑዱም ቀጠሮ ብቻውን ሄዶ ተሰልፏል። ተይዛ የተከሰሰች ሰው በምሕረቱ አትካተትም አሉት። በታሰረች በሃያ ሦስተኛው ቀን ሰርካለምን ወደ ሀገር አሳፈሯት፤ አምስት ዓመት መመለስ አትችልም።

የጋሽ ጌጡ እጥበት እሷ በታሰረች ሰሞን መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ሆነ፣ ከዚያ ቀረ። እኔና ሚስተር ኮልም የላክነው ገንዘብ ሲደርስ ሰውነታቸው አብጦ፣ ሐኪሙም ተስፋ ቆርጦ ነበር። ሰርካለም ድሬዳዋ ገብታ ዘጠኝ ቀን አስታመመቻቸው። እንዴት እንደተያዘች ሲጠይቋት አልዋሸችም፤ ሁሉንም ነገረቻቸው፣ ልጅቷን፣ ደወሉን፣ ከሐዲድ የወጣችውን ባቡር። ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

"ባቡሯ ሐዲዷ ላይ ተመለሰች?"

"ተመለሰች፣ አባዬ። ሰዓቷን ጠብቃ ገባች።"

"እንግዲያማ ሥራሽን ሠርተሻል" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በማግስቱ ዐረፉ።

አሁን ጁበይሃ የማጸዳው እኔ ነኝ። ባቡሯ ለሁለት ተሰብራ፣ አንዱ መንኮራኩሯ ጠፍቶ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። ሽማግሌው አይነካትም፤ ቢነካትም እጁ አይታዘዘውም። ጠረጴዛውን በነጭ አንሶላ ሸፍኖታል፤ እኔም ከአንሶላው በላይ ነው አቧራ የማራግፈው። ባለፈው ሳምንት ሰርካለም ከድሬዳዋ ደወለች። ሥራ አላገኘችም፤ የአባቷን የሰማንያ ቀን ተዝካር በቅርቡ ታወጣለች። ብዙ አወራን፤ ልትዘጋው ስትል፣

"ሐያት፣ ሚስተር ባቡሯን ጠገናት?" አለችኝ።

መደርደሪያውን እያየሁ ነበር።

"ጠግኗታል" አልኳት። "ትሄዳለች።"