ሳይጋልቡ አይገዙም

ያን ቀን ጠዋት እንጅባራን ጉም ውጧት ነበር። እኛ አገር በክረምት ሰው የሚያስታውሰው ጉም የሌለበትን ቀን ነው፤ የዚያን ቀኑ ግን ከሌላው ባሰ። ከሰል ከምሸጥበት ቦታ ተቀምጬ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ወፍጮ ቤት ድምፁን እሰማለሁ እንጂ አላየውም። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ጃንጥላው፣ ቀጥሎ እግሩ፣ በመጨረሻ ፊቱ ብቅ ይላል። ረፋዱ ላይ ጉሙ ወደ ካፊያ ተለወጠ። በካፊያው ውስጥ ታናሽ እኅቴ እናትነሽ ብስክሌቷን በትከሻዋ ተሸክማ መጣች።

ብስክሌት ሰው ይሸከማል እንጂ ሰው ብስክሌት ይሸከማል እንዴ አልኳት። ጉልበቷ ተልጧል፣ ሱሪዋ ጭቃ ብቻ ነው። ከከሰሉ ማዳበሪያ ላይ ተቀመጠችና ፍሬሙን አሳየችኝ። ፍሬም የሚሉት የብስክሌቱን አጥንት ነው፤ ጎማው፣ ፔዳሉ፣ መሪው፣ ኮርቻው ሁሉ የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። ከታችኛው አጥንት ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል። በጣቴ ስጫነው እንደ ደረቀ ቀርከሃ ቋ አለ።

ከጥሊሊ ስትመለስ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ቁልቁለቱ ላይ በጎች ከጉሙ ውስጥ ወጥተው መንገዱን ሞሉት። በጎቹን ሸሽታ ወደ ዳር ስትወጣ ብስክሌቱ ከድንጋይ ተላተመ። በጎቹ ደኅና ናቸው። እረኛው ግን በጎቼን አስደነገጥሽብኝ ብሎ ተቆጥቷት ሄደ።

እናትነሽ የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ናት። እናታችን ስታርፍ እሷ ገና የወተት ጥርሷን እያወለቀች ነበር፤ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ቀርቼ ቤቱን ያዝሁ። አባታችን አቶ አወቀ ፈረሰኛ ናቸው። በጥር የፈረሰኞቹ ማኅበር ሲሰለፍ ከፊት ከሚታዩት አንዱ እሳቸው ናቸው። እግዜር ወንድ ልጅ አልሰጣቸውም፤ ስለዚህ እናትነሽን ፈረስ ላይ አሳደጓት። እሷ ደግሞ ከተማው ሜዳ ላይ በኪራይ ብስክሌት መንዳት ለመደችና ፈረሱን ተወችው። አባባ አኮረፏት። "ሣር የማይበላ፣ ስሙን ሲጠሩት ጆሮውን የማያቆም ነገር" ይሉ ነበር። የከተማው ክለብ መርጧት ደመወዝ ሲቆርጥላት ግን የሣሩን ነገር ተዉት።

ቁመቷ አጭር ነው። የክለቡ ልጆች እናትነሽ ስትመጣ ሄልሜቷ ብቻውን ብስክሌት የሚነዳ ይመስላል እያሉ ይስቁባታል። ዳገት ላይ ሲደርሱ ግን የሚስቅ የለም፤ ሁሉም ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እሷ ታልፋቸዋለች።

የተሰበረውን ፍሬም ስማቸው የሚባለው የክለቡ ጠጋኝ አገላብጦ አየውና ራሱን ነቀነቀ። አባባም መጥተው ስለነበር ለምን አይበየድም ብለው ጠየቁት። ስማቸው ብረት አይደለም አላቸው።

"ብረት ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?"

"ካርቦን ነው፣ ጋሽ አወቀ። ያው ከሰል በሉት።"

አባባ ዞረው እኔንና ማዳበሪያዎቼን አዩ። "እንግዲያ እመቤት ታጣብቀው" አሉ።

ሳቅን፤ እናትነሽ ግን አልሳቀችም። ክለቡ ማንን እንደሚያስቀር ማንን እንደሚያሰናብት የሚለይበት ውድድር ከእንጅባራ ዳንግላ ሊደረግ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። የክለቡ በጀት አልቋል፣ ሌላ ብስክሌት አይሰጣትም። በዚያ ቀን ብስክሌት ያልያዘ አይወዳደርም፤ ያልተወዳደረ ይሰናበታል። ከተሰናበተች ቦታዋ እኔ አጠገብ ነው። አጠገቤ ቦታ አለ፤ ከሰልም ሞልቷል፤ ግን ከአንድ ቤት አንድ ጥቁር እጅ ይበቃል።

ስማቸው በቴሌግራም ፈልጎ ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ዕቃውን በቅናሽ እያራገፈ መሆኑን አገኘ። ሁለት የካርቦን ፍሬም ቀርቶታል። አንደኛው ቀይ፣ ትልቅ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ነው፤ ለረዥም ሰው የተሠራ ስለሆነ ፈላጊ አጥቶ ቅናሹ በጣም ከፍ ብሏል። ሁለተኛው ግራጫ፣ ትንሽ፣ ጎኑ ላይ ጭረት ያለበት ነው፤ ቅናሹም ያን ያህል አይደለም። ጎማውና ሌላው ዕቃ ከአሮጌው ላይ ተፈትቶ ይገጠማል ተባለ።

ማንም ሳይጠይቃቸው አባባ ለመጪው ጥር ያሳደጉትን የፈረስ ውርንጭላ ይዘው ዳንግላ ገበያ ወረዱ። ሲመለሱ በእጃቸው የነበረው ልጓሙ ብቻ ነው።

በእኛ ቤት ፈረስ የሚመርጠው ትልቅ ሰው ነው፤ የሚጋልበው ልጅ ቆሞ ያያል። አባባ በጠጋኙ ስልክ ላይ ሁለቱን ፎቶ አዩና ቀዩን መረጡ። ትንሽ ፈረስ ሲገዛ ያፍራሉ። ጠጋኙ ብስክሌትም እንደ ጫማ ልክ አለው ብሎ ሊያስረዳቸው ሞከረ።

"ኮርቻው ዝቅ አይልም?" አሉት።

"ዝቅስ ይላል።"

"በቃ። ከፍ ያለ ፈረስ ላይ እርካብ ማሳጠር ነው እንጂ ፈረስ ማሳጠር አይባልም።"

እናትነሽ እሺ አባባ አለች። ከሄዱ በኋላ ከሰል ስታስጭነኝ፣ እታለም፣ እኔ እኮ ከቀዩ መሪ ላይ እጄ አይደርስም አለችኝ። ንገሪያቸዋ ስላት ውርንጭላውን ሸጠውልኝ በምን አፌ አለችኝ። እኔም አልነገርኳቸውም። ያሳደገን ይሉኝታ አንድ ነው፤ እሷን ዝም ያሰኘ እኔንም ዝም አሰኘኝ።

ያን ሰሞን መንገዱ ክፍት ነበር። አባባ፣ እናትነሽና እኔ በሚኒባስ ባሕር ዳር ሄድን። አባባ ንጹሕ ጋቢ ለብሰዋል፣ ረዥም የእንጨት እጀታ ያለውን አለንጋቸውንም ይዘዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ በቀር ያለ አለንጋ የትም አይሄዱም። አዲስ ቅዳምን ስናልፍ በመስኮት የሰው ፈረስ እያዩ ይህ ቀዩ ዳማ ነው፣ ያ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው ቦራ ነው፣ የዚያኛው ባለቤት ሰነፍ ነው እያሉ ነገሩን። እናትነሽ መንገዱን ታያለች። የምትወዳደርበት መንገድ ነው።

ባለ ሱቋ ሜላት የምትባል ወጣት ናት። ቀዩን ፍሬም ከግድግዳ አወረደችላቸው። አባባ ዙሪያውን ሄዱበት፤ አንገቱን ዳሰሱ፣ ጎንበስ ብለው ከሥሩ አዩ፣ ዕድሜው ስንት ነው ብለው ጠየቁ። የባለፈው ዓመት ሞዴል ነው ስትላቸው ገና ውርንጭላ ነዋ ብለው ደስ አላቸው። ግራጫውን አላዩትም። እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱና መልሰው አወጡት።

"ትውጣበት" አሉ።

ሜላት ምኑን እንዳሉ አልገባትም። "ጎማ እኮ የለውም፣ አባቴ።"

"ሳይጋልቡ አይገዙም።"

እኛ አገር እንዲህ ነው፤ ፈረስ ሻጭ ወንድምህ ቢሆን እንኳ ሳትጋልብ ዋጋ አትቆርጥም። ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ ግን ሰው ዞሮ አየን። አንዱ ደንበኛ በእጁ አፉን ከድኖ ሳቀ። እናትነሽ አባባ ይቅር ግድ የለም አለች፤ እኔ ወለሉን አየሁ። አባባ አለንጋቸውን ተመርኩዘው ቆሙ። እሳቸው እንዲያ ከቆሙ ወዲያ የሚያንቀሳቅሳቸው የለም።

ሜላት አየቻቸውና ተነሣች። ከሌላ ብስክሌት ላይ ጎማና ኮርቻ ፈትታ ቀዩ ላይ ገጠመች፤ ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገችው። እኔ ከኋላ ያዝሁ። አባባ ከፊት ቆመው መሪው በሚገባበት ቦታ አለንጋቸውን በአግድም ያዙ።

"ይኸውልሽ መሪሽ" አሏት።

እናትነሽ ወጣች። ሜላት ደግፋ ነው ያወጣቻት። እግሯ ተንጠለጠለ። አለንጋውን ለመያዝ ስትዘረጋ ደረቷ ከፍሬሙ ላይ ተለጠፈ፤ አጥር ላይ የተሰጣ ልብስ መሰለች። ጣቶቿ አለንጋውን ነኩት እንጂ አልጨበጡትም። አባባ አለንጋውን ወደ እሷ አላስጠጉም። ትኩር ብለው አዩዋት። የሳቀው ደንበኛም እጁን ከአፉ ላይ አወረደ።

"ይህማ እሱ ነው አንቺን የሚጋልብሽ" አሉ ቀስ ብለው። "ውረጂ።"

ወረደች። አባባ ፊቷን አዩት፤ ቀድማ ታውቅ እንደነበር ገባቸው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እርስዎ መርጠውት ነበራ።"

"የመረጥኩት ለአንቺ ነው ወይስ ለግድግዳ?"

ከዚያ በኋላ በአገውኛ የቀረውን ጨረሱባት። እኔንም አልማሩኝም፤ ስለ ዝምታዬ ሁለት ዓረፍተ ነገር ደረሰኝ። ሜላት ቋንቋው ባይገባትም ነገሩ ገብቷት ግራጫውን አወረደች፤ ጎማውንና ኮርቻውን ወደ እሱ አዛወረች።

ግራጫው ላይ እናትነሽ ራሷ ወጣች። እግሯ ከሚገባው ቦታ ደረሰ። እጇ አለንጋውን ጨበጠ፣ ጀርባዋ ዝቅ አለ፣ አንገቷ ቀና አለ። ሱቅ ውስጥ መሆኗን ረስታ አሻግራ አየች። አሻግሮ የሚታይ ነገር የለም፤ ያለው የሄልሜት መደርደሪያ ነው። አባባ አለንጋውን እንደ ያዙ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ፣ ልትሄድባቸው የመጣች ይመስል።

የቀረው ጭረቱ ነው። ጠባሳ ያለው ፈረስ ወይ ጥጋበኛ ነው ወይ የተበደለ ነው ይላሉ አባባ። አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ፈተጉት። ሜላት በስልኳ መብራት አሳየቻቸው፤ ሲጓጓዝ ቀለሙ ተላጠ እንጂ ወደ ውስጥ አልገባም። እናትነሽም አየችው፣ ደኅና ነው አለች። አባባ ግን በዚያች ጭረት ሜላትን አሰለቿት፤ በመጨረሻ የቀዩን ያህል ቀነሰችላቸው። መርቀዋት ወጣን።

ስንመለስ ረዳቱ ፍሬሙን ጣሪያ ላይ ልጫን አለ። ፈረስ ጣሪያ ላይ አይወጣም አሉት። ግራጫውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እስከ እንጅባራ አቅፈውት መጡ። ዳንግላ የተሳፈረች አንዲት ሴት ምንድን ነው ብላ ጠየቀቻቸው፤ የልጄ ነው አሏት።

የውድድሩ ዕለት ካፊያ ነበር። አባባ ፈረሳቸውን ጭነው ቀድመው አዲስ ቅዳም ወርደው ጠበቁ። እናትነሽ ስታልፍ ከመንገዱ ዳር በሣሩ ላይ አብረዋት ጋለቡ፤ ፈረሱ እስኪደክመው ድረስ እየጮኹላት ሄዱ። ይህንን የነገረኝ ስማቸው ነው፤ እኔ ከሰሌን ትቼ አልሄድሁም። አንደኛ አልወጣችም። ሁለት የዳንግላ ልጆች ቀደሟት፤ አንዷ ገና ትምህርት ቤት ናት አሉ። ከሚቀሩት መካከል ግን ገባች። ማታ አባባ የፈረስ ስም አወጡላት፣ አባ ጭረት አሏት። ለሴት አባ አይባልም ብላቸው በእኔ ቤት ይባላል አሉ። ክለቡ ውስጥ አሁን በስሟ የሚጠራት የለም።

እናትነሽ ዛሬም እንጅባራ ናት፣ ክለቡ ውስጥ ናት፣ የምትነዳውም ግራጫውን ነው። ዛሬ ጠዋት ወደ ጥሊሊ ወጥታለች፤ እስካሁን አልተመለሰችም፤ ጉም ስላለ ቀስ ብላ ትመጣለች።