የቲማቲም ጭስና የአንድ ሰው ሳል

የዚያን ቀን ማድ ቤቴ ውስጥና ደጃፉ ላይ የነበርነው እኔ፣ ልጄ ሞላ፣ ታናሽ እህቱ የሺ፣ ጎረቤቴ ዘሃራ፣ የቀበሌው ሰው አያ ደምሴ፣ ከጎንደር የመጣ አንድ ወጣት ካድሬ፣ እና ስሙን እስከ ዛሬ የማላውቀው አንድ ሚሊሺያ ነን። ነገሩ የሆነው ደባርቅ ላይ ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን ጭስ በሸተተኝ ቁጥር አስታውሰዋለሁ፤ ደባርቅ ደግሞ ጭስ የማይሸትበት ቀን የለም።

ዘሃራ ነጋዴ ነበረች። ከሊማሊሞ በታች ካለው ቆላ ቲማቲም በአህያ እያስወጣች ገበያ ላይ ትሸጥ ነበር። አቀበቱን ሲወጣ የተጨፈለቀውን ለእኔ ትሰጠኛለች፤ እኔም ከምሠራው ድልህ አካፍላታለሁ። በእኛ አገር ብርድና ጉም ቲማቲም ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት ከመድረቁ በፊት ይሻግታል። ስለዚህ እንደ ወተት ዕቃ በወይራ አጥነዋለሁ።

ለሁለት ለሁለት እሰነጥቀውና ጨው ነስንሼ ከምድጃው በላይ በሸምበቆ ርብራብ ላይ እደረድረዋለሁ። እሳቱ መንደድ የለበትም፤ ከነደደ ቲማቲሙ ይበስላል እንጂ አይታጠንም። ደረቁ ወይራ ከተያያዘ በኋላ ትንሽ እርጥብ ይጨመርበትና እየጤሰ ይውላል። ቲማቲሙ ሲሸበሸብ ልጣጩን ገፍፌ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበርበሬ ጋር ወፍጮ ላይ እፈጨዋለሁ። ከዚያ ሽንኩርት በኑግ ዘይት አቁላልቼ እሱን እጨምርና ውሃው እስኪመጥ አማስለዋለሁ። ቅቤ በማይበላበት ጾም፣ ሽሮ ላይ ጠብ ካደረጉት ቤተሰቡ ሌላ ወጥ አይጠይቅም።

በዚያ ዓመት ግን ቲማቲም ያጠንሁት ለወጡ ብቻ አልነበረም።

ሞላ ገና ጢሙ ማቀምቀም ጀምሮ ነበር። አባታቸው ሞቷል፤ ወንድ ልጄ እሱ ብቻ ነው። ያን ሰሞን በየቀበሌው ወጣት እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ ይላክ ነበር። የሞላም ስም ተጠርቷል። እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። ልጆቼ ሲያስነጥሱ እንኳ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ዘሃራም «አንቺ እኮ ጥላሽን ትፈሪያለሽ» ትለኝ ነበር። ፈሪ ሰው ደግሞ ያስባል። ጎተራ ይፈትሻሉ፤ አልጋ ሥር ያያሉ። ጭስ በሞላበት የማድ ቤት ቆጥ ላይ ሰው ይተኛል ብሎ የሚጠረጥር ግን አይኖርም አልሁ።

ስለዚህ ሞላ ቀን ቀን ከርብራቡ በላይ ቆጡ ላይ ይተኛል። ከሣሩ ክዳን ሥር ትንሽ ቀዳዳ ከፈትሁለት፤ አፍንጫውን ወደዚያ ያደርጋል። ለአፉ እርጥብ ጨርቅ ሰጠሁት። ከፊቱ ማገዶና ባዶ ስልቻ ከመርሁበት። ጭሱን ለስለስ አድርጌ ስለምይዘው ይችለው ነበር። ማታ ሲወርድ ዓይኑ ደም መስሎ፣ እየሳቀ «እማ፣ ቲማቲሙ ወጣለት፤ እኔስ መቼ ነው የምደርሰው?» ይለኛል።

የዚያን ዕለት ረፋድ ላይ ዘሃራና እኔ የታጠነውን ስንልጥ የሺ ከደጅ እየሮጠች ገባች።

«እማ፣ አያ ደምሴ ሰው አስከትለው እየመጡ ነው።»

እኔም ያለ የሌለውን እርጥብ ወይራ አንስቼ ምድጃው ላይ ከመርሁት። ጭሱ ከበዛ አይገቡም ብዬ ነው።

«ልጁን ልትገድይው ነው እንዴ?» አለችኝ ዘሃራ በሹክሹክታ። እርጥቡን መልሼ ለማውጣት ጊዜ አልነበረም። ደጃፉ ላይ ደርሰዋል።

«እመት ብርቄ፣ እንደምን አረፈድሽ? ሞላ የት አለ?» አሉ አያ ደምሴ።

«በየዳ፣ አጎቱ ዘንድ ሄዷል።»

«በዚህ ብርድ በየዳ?»

«ብርዱ እዚህስ መቼ ቀረ፣ አያ።»

ካድሬው መሐረብ አፉ ላይ አድርጎ ወደ ውስጥ አየ። «ይህ ሁሉ ጭስ ምንድን ነው?»

«ቲማቲም ነው» አለች ዘሃራ። «እሱም ለዘመቻ ይፈለጋል?»

አያ ደምሴ ሳቃቸው እንዳይታይ ፊታቸውን አዞሩ። ካድሬው አልሳቀም። «ቲማቲም የሚያጤስ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ።

«ጎንደሮች ጥሬውን ስለምትበሉት ነው፣ ወንድሜ» አለችው ዘሃራ።

ካድሬው አንድ እግሩን አስገባና ዓይኑን እያሸ ተመለሰ። ከኋላው የቆመውን ሚሊሺያ «አንተ፣ ውጣና ቆጡን እይ» አለው።

ሚሊሺያው ጠና ያለ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ፀጉሩ ገብስማ ሰው ነበር። አንገቱ ላይ የጠቆረ ማተብ አለ። ጠመንጃውን ለአያ ደምሴ ሰጥቶ ገባ፤ በመሰላሉ ወጣ። እኔ የማየው ጀርባውን ብቻ ነው። አንዱን ስልቻ ገለጥ አደረገ። ሌላውንም ገለጠ።

ሞላ ሳለ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የታፈነ ሳል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት የሰማሁት ሳል ስለሆነ ከሺህ ሰው መሐል አውቀዋለሁ። ምሰሶውን ያዝሁ። ካድሬው ደጃፉ ላይ ነው፤ መስማቱን አልጠራጠርም።

ሚሊሺያው አልተንቀሳቀሰም። ቀጥሎ እሱ ራሱ ሳል ጀመረ። ወጋግራውን ተደግፎ፣ እንደ ደረት በሽተኛ ሽማግሌ፣ እየደጋገመ ሳለ። «ኧረ ይህ ጭስ ጨረሰኝ» ይላል በመሐሉ። ዘሃራ ከእኔ ቀድማ ገባት። ደረቷን እየደቃች መሳል ጀመረች፤ የሺም ተከተለች። በዚያ ሁሉ ሳል መሐል ልጄ እስኪወጣለት ሲስል ለይቼ እሰማው ነበር።

«ምን አለ?» አለ ካድሬው ከውጭ።

«እንጨትና ስልቻ ነው፣ ጓድ። እዚህ ሰው ቢኖርማ እስካሁን ቋንጣ ሆኖ ነበር።»

ስልቻዎቹን እንደነበሩ መልሶ ወረደ። እንባው በጉንጩ ይፈሳል። ወደ ቆጡ ቀና ብሎም አላየ።

«እትዬ» አለኝ፣ «እርጥቡን አውጪው። ዳባት እናቴ የጠላ ጋን ስታጥን አይቻለሁ፤ እንዲህ አይደለም። ይህ ሰው ይገድላል።»

ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። እርጥቡን ወይራ በእጄ እየጎተትሁ አወጣሁት። መዳፌ ላይ ጠባሳው አሁንም አለ።

ካድሬው ገና አልሄደም፤ ወደ ውስጥ ይመለከት ነበር። ሚሊሺያው ወደ እሱ ዞሮ «እንዲህ ያስለቀሰን ነገር ምን ምን እንደሚል እንቅመስ እንጂ፣ ጓድ» አለ። ዘሃራ ፈጥና የተሠራውን ድልህ በዳቦ አድርጋ ደጅ አወጣችላቸው። ካድሬው መጀመሪያ አሸተተው፤ ከዚያ በላ። ሁለተኛም ተቀበለ። እያኘከ ወደ ቀጣዩ ቤት ሄደ፤ አያ ደምሴም ተከተሉት።

ሚሊሺያው ጠመንጃውን ሊያነግት ወደ ኋላ ሲቀር፣ ምን እንደምሰጠው ጨንቆኝ በባዶ የወተት ቆርቆሮ ድልህ ሞልቼ አቀበልሁት። ሲቀበለኝ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ታጥፋ እንደማትዘረጋ አየሁ።

«ቆርቆሮውን እመልሳለሁ» አለኝ።

«አይመለስ» አልሁት።

እንዲህ ያልሁት ፈርቼው ነው። የልጄን መደበቂያ ያወቀ ሰው ተመልሶ ቤቴን እንዲረግጥ አልፈለግሁም። ልቤ ውስጥ ያለውን ፊቴ ላይ አይቶት ይሆናል። አንገቱን ነቀነቀና ሄደ። አመሰግናለሁ እንኳ አላልሁትም።

በማግስቱ ሞላ ከዘሃራ አህዮች ጋር ወደ ቆላ ወረደ። ዘመዶቿ ዘንድ እየሠራ ቆይቶ ደርግ ከወደቀ በኋላ ተመለሰ። ዛሬ ጎንደር ግንበኛ ነው፤ ልጆች አሉት። ድልህ ስልክለት ሚስቱና ልጆቹ ይበሉታል፤ እሱ «እኔ ድርሻዬን በልቻለሁ» እያለ አይነካውም። ዘሃራ ዐርፋለች። አያ ደምሴን ያን ቀን ሳሉን ሰምተው እንደሆነ ብጠይቃቸው «እኔ ጆሮዬ ያን ጊዜም ደካማ ነበር» አሉኝ።

ዕድሜዬ ሲገፋ ፍርሃቴ ቀንሷል ብል እዋሻለሁ። አሁን የምፈራው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ሰው ሳላገኘው እንዳልሞት ነው። በእኛ ምክንያት ክፉ ገጥሞት እንደሆነም አላውቅም። በገበያ ቀን ዳባት ወርጄ ጠይቄያለሁ፤ ወገራም፣ አምባ ጊዮርጊስም አስጠይቄያለሁ። «ስሙ ማን ይባላል? የማን ልጅ ነው?» ይሉኛል። የታጠፈችውን ጣቱን ብቻ እነግራቸዋለሁ። በየዓመቱ ቲማቲም ባጠንሁ ቁጥር አንድ ቆርቆሮ ለብቻው አስቀምጣለሁ። ጾሙ ሲያልቅ ለጎረቤት እሰጠዋለሁ።

በዚያ ዘመን ደባርቅ በሚሊሺያነት የሠራ፣ ትከሻው ሰፊ፣ የግራ እጁ ትንሿ ጣት የታጠፈች፣ እናቱ ዳባት ጠላ ትጠምቅ የነበረች ሰው የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ወሬውን አሰሙኝ። በሕይወት ካለ፣ ቆርቆሮውን ይዞ ይምጣ በሉልኝ። ከሌለ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን እንዳስጠራለት የክርስትና ስሙን ንገሩኝ።