ቴሌቪዥኑ ሳይከፈት የሚቀዳ ዕቃ

መቅጃ ዕቃ የገዛነው በባለቤቴ ምክንያት ነው። ለኔማ ቴሌቪዥን ተከፈተ ተዘጋ ግድም አልነበረኝ። ቀኑን ሙሉ ገበያ ውስጥ የስፌት መኪና ስረግጥ ውዬ ማታ ስገባ የምፈልገው እግሬን ዘርግቼ ዝም ማለት ነበር።

ቤታችን ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ያለ የቀበሌ ቤት ነው። ከጎረቤታችን የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው፤ እሷ ብታስነጥስ እኛ «ይማርሽ» እንላለን። ባሏ ቀድሞ የሞተባት ክርስቲያን ነበረች፤ ያላት አንድ ልጅ ነው፣ እሱም አዲ አርቃይ ይነግዳል። እኛ እስላሞች ነን። እሷና ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት ያህል ከሰዓት ከሰዓት ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብለው ስፌት ሰፍተዋል፤ መሶቡን፣ ሰፌዱን፣ ሌማቱን። አንዷ አለላውን ቀለም ትነክራለች፣ አንዷ በወስፌ ትወጋለች። ወሬያቸው አያልቅም። ሲስቁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በኔ ነው።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ የቴሌቪዥን ሰዎች ስለ ስፌት ሊቀርጹ መጡ። ማን እንደጠቆማቸው አላውቅም። ሁለቱን ደጃፍ ላይ አስቀምጠው፣ ደግሞ አስነሥተው ሌላ ቦታ አስቀምጠው፣ ሲያወሩም ሲሰፉም ቀረጿቸው። ማታ ሲሄዱ ባለቤቴ «መቼ ነው የምንታየው?» ብላ ጠየቀች።

«እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ዝግጅቱ። የትኛው እሁድ እንደሆነ ግን በስልክ እንነግራችኋለን» አሏት።

ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም። እሁድ በመጣ ቁጥር ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ። አንድ ቀን መብራት ይሄዳል፣ አንድ ቀን እንግዳ ይመጣል፣ አንድ ቀን ሠርግ ይጠራቸዋል። ባለቤቴ «ሳናየው ቢያልፍስ?» እያለች እንቅልፍ አጣች። ጎረቤታችን ቴሌቪዥን የላትም፤ የምታየው እኛ ቤት ነው። ትቀልዳለች እንጂ እሷም ጓጉታ ነበር። «ይልቅ ትልቅ ቴሌቪዥን ግዙ» ትላለች። «የኔ ፊት እዚች ውስጥ አይገባም።»

ልጃችን ነርስ ናት፤ ሆስፒታሉ አጠገብ ተከራይታ ትኖራለች። ነገሩን ስትሰማ «ሪሲቨራችሁን ለውጡ» አለች። «አሁን የሚቀዳ መጥቷል። ፍላሽ ትሰኩበታላችሁ፣ ቀዩን ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ አለቀ። እኔ ለእናንተ የሚሆን ቀላል እመርጣለሁ።»

«የኔን ዕቃ እኔ ነኝ የምመርጥ» አልኳት።

«አባዬ፣ አንተ ስለዚህ ምን ታውቃለህ?»

«ስለማላውቅ ነዋ!»

ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ ፒያሳ ወጣን። አንደኛው ሱቅ፣ ሁለተኛው ሱቅ፣ ሦስተኛው ሱቅ። ያ ዳገት ጉልበቴን ጨረሰው። በየሱቁ የሚያወሩት ከልጄ ጋር ነው፤ እኔን እንደ ከረጢት በር ላይ አቁመውኛል። «ለሽማግሌዎች ነው፣ ቀላል ይሁን» ትላቸዋለች፤ እነሱም ቁልፉ የበዛውን ያመጣሉ። ሦስተኛው ሱቅ ላይ ባለሱቁ አንድ የሚያብለጨልጭ አወጣ።

«አባቴ፣ ይቺ ሰዓት ይሞላላታል። እርስዎ ባይኖሩም በሰዓቷ ራሷ ተነሥታ ትቀዳለች።»

«ሸጋ። ዘጠኝ ሰዓት ብዬ ልሙላላት?»

«ዘጠኝ ሳይሆን አሥራ አምስት ነው የሚሉት።»

«ምነው? አሥራ አምስት ሰዓት የሚባል አለ እንዴ?»

«የፈረንጅ ነው፣ አባቴ።»

«ቀኑና ዓመቱስ?»

«እሱም የፈረንጅ ነው።»

«እኔ ለዕቃ ብዬ ሰባት ዓመት ወደፊት አልሄድም። እዚሁም የቀረኝ ጥቂት ነው።»

ባለሱቁ ሳቀ። ልጄ አልሳቀችም። «እኔ እሞላላችኋለሁ» አለች። «ተረኛ የሆንሽ ቀንስ?» አልኳት።

ከዚያ ባለሱቁን ሪሞቱን ሁሉ አምጣልኝ አልኩት። ጨርቅ ሲሸጡልኝ የማደርገውን አደረግሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ዳበስኩ። መነጽሬ የሚያድረው ልብስ የምሰፋበት ሱቅ ነው፤ ቤት ውስጥ በጣቴ ነው የምኖረው። አንዱ ሪሞት ቁልፉ እንደ ምስር ነው፣ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ሌላው ለስላሳ ነው፣ መጫንህም አይታወቅ። አንደኛው ግን ቁልፉ ወጣ ወጣ ያለ፣ ቀዩም ለብቻው ጥግ ላይ የተቀመጠ ነበር። ዕቃው ራሱ ወፍራም ነው፤ ግንባሩ ላይ የጣቢያው ቁጥር ይበራል። አሥራ አራት ላይ ካለ አሥራ አራት ይላል። በዚህ ወደድኩት። ሰውም ዕቃም የት እንዳለ በግንባሩ ይናገር።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ያረጀ ዓይነት ነው። ማን ይገዛዋል አሁን?» አለች ልጄ።

«ያረጀ ሰው።»

ባለሱቁም «ለእርሳቸው የሚሆነው ይሄ ነው» አለ፤ ሳይወድ ነው ያለው። ልጄ እያጉረመረመች ተገዛ። ስንወርድም ስታጉረመርም ነበር።

ቤት ገጠመችው። ያልተባለ ቁልፍ እየነካሁ ሁለት ጊዜ አበላሸሁት። በማግሥቱ ሱቅ ሄጄ ለሪሞቱ ከወፍራም ጨርቅ ልብስ ሰፋሁለት። ቁጥሮቹን፣ ቀዩንና ማቆሚያውን የሚያወጣ ቀዳዳ ተውኩለት፤ ሌላውን ሁሉ ደፈንኩት። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳትኩም። ጎረቤታችን ስታየው ሳቋ ግድግዳውን አልፎ መንገድ ወጣ።

«አያ፣ ኮሌታስ አታደርግለትም? ይብረደው?»

«ሳቂ፣ ሳቂ። ስትታዪበት ታመሰግኝኛለሽ» አልኳት።

ልጄ አንድ ነገር አሳየችኝ፤ አላመንኳትም። ቴሌቪዥኑን አጠፋችና «አሁንም እየቀዳ ነው» አለችኝ። «ምስሉ ሳይታይ ምኑን ይቀዳል?» አልኳት። «ቴሌቪዥኑ እኮ መስኮት ነው፤ መስኮት ብትዘጋ የውጪው ነገር ይቆማል?» አለችኝ። መልሳ ከፈተችው፤ እውነትም ቀድቶ ነበር። አልተዋጠልኝም፤ ግን ክርክሩ ስለደከመኝ ተውኩት።

አንድ ሐሙስ ስልክ ተደወለ። የፊታችን እሁድ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት፤ ጣቢያቸው እኛ ዕቃ ላይ አሥራ አራት ቁጥር ነው። ሁለቱ እንደ ልጃገረድ ሆኑ። ምን እንደሚለብሱ ሁሉ ተማከሩ፤ የተቀረጸው እኮ ተቀርጿል!

ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤታችን በር መቀርቀሪያ ሳይጮኽ ረፈደ። ባለቤቴ ቆመች፣ አዳመጠች፣ ሄደች። ቀጥሎ የሰማሁት ጩኸቷን ነው። ሴትዮዋ በተኛችበት አርፋ ነበር። ልጇ ከአዲ አርቃይ ደረሰና ከሰዓት ቀበርናት፤ እኛ እስላሞቹ እስከ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሸኘናት። ልጇ ሲያለቅስ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ሁለት ሳምንት ሙሉ አልደወልኩላትም፣ ድምጿን ሳልሰማ!» ይላል። ስለ ቀረጻው አያውቅም። በዚያ ሰዓት የሚነግረውም የለም።

እሁድ ድንኳኑ ተተክሏል፣ አንዱ ጎኑ ከኛ መስኮት ጋር ተደግፎ። ለቅሶ ባለበት ሰፈር ቴሌቪዥን አይከፈትም፣ ሬዲዮም አይከፈትም። ሠልስቱ እስኪያልፍ ሕፃን እንኳን ጮክ ብሎ አይዘፍንም። ይሄን ሃይማኖት አይለየውም። ድምፁን ብትዘጋው እንኳን ብርሃኑ መስኮት ላይ ይጫወታል፤ አንድ ሰው ካየ «እሷን ቀብረው መጥተው ቴሌቪዥን ያያሉ» ይባላል። ልጄ ተረኛ ነበረች። መቅጃ ያለው ሌላ ሰው አናውቅም።

ስምንት ሰዓት አለፍ ሲል ባለቤቴ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ አጠገቤ መጣች።

«ዛሬ እሁድ ነው» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ተወው። ነውር ነው።»

«ነውር ነው» አልኳት።

ተመልሳ ተቀመጠች። ዓይኗ ግን ከኔ አልተነሣም። ሁለት ቀን ስትጮኽ ድምጿ ተዘግቶ፣ ፊቷ አብጦ ነበር። እኔም ወገቤ አልቆም ብሎኛል። ተቀምጬ አሰብኩ፤ ነውሩ ማየቱ ነው ወይስ መቅዳቱ? ማየቱ ነው። ማንም ካላየ፣ እኔም ካላየሁ፣ ነውሩ ምኑ ላይ ነው? እንዲህ ብዬ ለራሴ ፈረድኩና ተነሥቼ ቤት ገባሁ።

የቴሌቪዥኑን ሶኬት ጭራሽ ነቀልኩት፤ በስሕተት እንኳን እንዳይበራ። ፍላሹን ሰካሁ። ሪሞቱን በልብሱ ላይ ዳብሼ አንድን ተጫንኩ፣ አራትን ተጫንኩ። ግንባሩ ላይ አሥራ አራት አለ። ቀዩን ተጫንኩ። እንደ ልጄ ንግግር ከሆነ ገብቷል፤ እንደኔ ከሆነ የጨለመ ቴሌቪዥን ፊት የቆመ ሞኝ ነኝ። ፍላሹ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች፤ የያዝኩት ማስረጃ እሷን ብቻ ነው። ወንበር ስቤ እሷን እያየሁ ተቀመጥኩ። መብራት እንዳይሄድ ዱአ አደረግሁ። ለመብራት ዱአ አድርጌ አላውቅም።

አንድ ጎረቤት ሰውዬ ወንበር ሊለቅም ገባ።

«ምነው አያ፣ የጠፋ ቴሌቪዥን ትጠብቃለህ?»

«ወገቤን አሞኝ ነው።»

«እግዜር ይማርህ። ወንበሩን ግን ለእንግዳ ልውሰደው» ብሎ ከሥሬ ስቦ ወሰደው። መሬት ተቀመጥኩ። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ደረሰ፤ እዚያው ሰገድኩ። አንዴ ቁጥሩ ደብዘዝ አለና ነፍሴ ወጣች፣ መልሶ በራ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲሞላው ማቆሚያውን ተጫንኩና ፍላሹን ነቅዬ ሸሚዜ ኪስ ከተትኩ። ድንኳን ስመለስ አንድ ሽማግሌ «ለቀስተኛ ትቶ ይተኛል?» ብሎ ተናገረኝ። እሺ አልኩት።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ገብታለች?» አለች።

«አላውቅም። አላየሁም።»

«ሰው ሰምቷል?»

«ማንም።»

ሠልስቱ ሲያልፍ ልክፈተው አልኩ፤ እምቢ አለች። ልጄ «መኖሩን ብቻ በኮምፒውተር ልይላችሁ» አለች፤ እሱንም እምቢ አለች። «አርባዋ ሳይወጣ ማንም አያያትም» አለች። እኔ ለሰው ቃል የማልገዛ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ተገዛሁ። አርባ ቀን ሙሉ ባዶ ነገር ይዤ ይሆን እያልኩ ኪሴን ስዳብስ ከረምኩ። ባዶ ከሆነ ለሷ እንዴት እንደምነግራት ነበር የጨነቀኝ።

የአርባው ተዝካር ዕለት ማታ የሟች ልጅ እኛ ቤት ገባ። ልጄ ፍላሹን ሰካች። መጀመሪያ ሌላ ዝግጅት፣ ዘፈን፣ ማስታወቂያ መጣ። እያሳለፈች ሄደች፣ ሄደች። ድንገት ደጃፋችን ታየ። ሁለቱ ቁጭ ብለዋል። ባለቤቴ ስለ ቀለሙ ረጅም ታወራለች። ከዚያ ጠያቂው «አንድ መሶብ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?» ሲል ያቺ ጎረቤታችን ቀና አለች።

«እንደ ወሬው ነው። ወሬ ከሌለ ሁለት ሳምንት፣ ወሬ ካለ ሁለት ወር» አለችና የባለቤቴን ጉልበት መታ አድርጋ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ምስሉ ላይ ሌላ ሰው መጣ። በቃ። የሷ ነገር አንድ ደቂቃም አይሞላም።

ልጇ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። «ደግመሽ አምጪልኝ» አላት ልጄን፤ አመጣችለት፣ ደግሞ አመጣችለት። ወደ ሌላ ፍላሽ ገልብጣም ሰጠችው። ባለቤቴ ግን አልነበረችም። ገና የጎረቤታችን ድምፅ ሲሰማ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገብታ ነበር። እስኪያልቅ አልወጣችም።

እስካሁንም አላየችውም። ስንት የተደከመበት ነገር! ተናድጄ «ለማን ነው የቀዳሁት?» ብያታለሁ። ልጄ አሁን «ይሄ ዕቃ አርጅቷል፣ ሁሉም በስልክ ይታያል፣ ልቀይርላችሁ» ትለናለች፤ እምቢ እላለሁ። የለመደው ጣቴ ነው፤ ሌላ የምለምድበት ጉልበት የለኝም።

ብቻ በወር አንዴ፣ አንዳንዴ በሳምንት፣ ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «አለች?» ትለኛለች። ሳልከፍት «አለች» ብላት ታውቅብኛለች። ስለዚህ ለማጫወቻውና ለድምፁ የሪሞቱ ልብስ ላይ ሁለት ቀዳዳ ጨምሬያለሁ፤ ተነሥቼ ፍላሹን እሰካለሁ፣ ድምፁን እዘጋዋለሁ፣ ያቺ ጎረቤታችን እስክትታይ እጠብቃለሁ። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ጉልበቷን መታ ታደርጋታለች፣ ትስቃለች።

«አለች» እላታለሁ።

«በል ዝጋው» ትለኛለች። እዘጋዋለሁ።