የሽንፋን ሚዛን ከጎንደር ጋር ለማገናኘት

ከጎንደር የተነሣሁት መንገዱ ክፍት መሆኑን ለሹፌሮች ደውዬ ካረጋገጥሁ በኋላ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው። የምሠራበት ሰሊጥ ገዥ ድርጅት ሽንፋ ላይ አዲስ መጋዘን ተከራይቷል። በመጋዘኑ በር ላይ መኪና ከነጭነቱ የሚመዘንበት ትልቅ ሚዛን አለ፤ የመዘነውንም በራሱ ኮምፒውተር ላይ ይመዘግባል። የኔ ሥራ ጎንደር ያለው ሰርቨራችን ያንን መዝገብ፣ ዳታቤዙን፣ ከርቀት እንዲያነብ ማገናኘት ነበር። ከቢሮዬ ሆኜ ደጋግሜ ሞከርሁ፤ አልሆነም። ገበሬው ግን ሰሊጡን ጭኖ ደርሷል። ክብደቱ ጎንደር ካልታየ ደረሰኝ አይወጣም፤ ደረሰኝ ከሌለ ደግሞ መጋዘኑ አይከፈትም። ላፕቶፔን አነገትሁና ሄድሁ።

ወደ ቆላ

አይከል ላይ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ ነበር። ነጋዴ ባሕርን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ግን አውልቄ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት፤ ከዚያ ወዲያ የመኪናው መስኮት አልተዘጋም። መንገድ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ላፕቶፔን አገላብጦ አየና «ምን ትሠሪበታለሽ?» አለኝ።

«ሰሊጥ እመዝንበታለሁ» ስለው ስቆ አሳለፈኝ።

ገንዳ ውኃ ላይ የሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል በላሁ፤ በላዩ ቀዝቃዛ ከርከዴ ጠጣሁበት። ከዚያ ወደ ሽንፋ የሚሄድ አይሱዙ አገኘሁና ጋቢና ተቀመጥሁ። በግራ በቀኝ የታጨደው ሰሊጥ በነዶ በነዶ ቆሟል። ማሽላው ገና አልተነካም። ለአጨዳ ከደጋ የወረዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉግ የሚሏቸው፣ ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም ብለዋል። ሹፌሩ ግን ዓይኑ ከሰማዩ ላይ ነው። ያለ ወቅቱ ደመና ቋጥሯል።

«ይሄ ከዘነበ ሰሊጡ ይጠቁራል» አለኝ። «የጠቆረ ሰሊጥ ማን ይገዛል?»

ሚዛኑ ቤት

መኪኖቹ ከመጋዘኑ በር እስከ ዋናው መንገድ ተሰልፈዋል። ወደ ሚዛኑ ክፍል ስጠጋ ገበሬዎች በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከፊት የነበሩት አያ ደሴ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው።

«ሚዛኑን ልትነኪ ነው የመጣሽው?» አሉኝ።

«አይደለም አያ፣ ሚዛኑን አልነካም። ኮምፒውተሩን ከጎንደር ላገናኝ ነው።»

«ያው አይደል? ሌላ ቦታ የተመዘነ እህላችን ከተማ ሲደርስ ጎድሎ አይተናል። በመንገድ ላይ አይጥ በላው እንዳትዪኝ።»

ተቆጥቼ መመለስ እችል ነበር። ግን እሳቸው ያሉት ነገር በኔ ሥራ ውስጥ በእውነት ሊሆን የሚችል ነው። «እንግዲያውስ አንቱም ይግቡ፤ የምሠራውን አጠገቤ ተቀምጠው ይዩ» አልኋቸው። ሚዛኑን የምታንቀሳቅሰው ትርንጎ የምትባል ሴት ለሁለታችንም ወንበር አቀረበች።

ዳታቤዙ ሠርቼበት የማላውቀው ዓይነት ነበር። አልደነገጥሁም፤ የማላውቀው ሲገጥመኝ ከቅርቡ ጀምሬ ወደ ሩቁ እሄዳለሁ። በሚዛኑ ኮምፒውተር ራሱ ላይ ሞከርሁ፤ ከፈተልኝ። ላፕቶፔን በገመድ አገናኝቼ ሞከርሁ፤ እምቢ አለ። እምቢ ማለቱ ደስ አሰኘኝ። መስመሩ ቢበጠስ ኖሮ ዝም ነበር የሚለኝ። የስሕተት መልእክቱን ቀስ ብዬ ሳነበው ነገሩ ገባኝ። ሚዛኑን የተከሉት ሰዎች የከፈቱት አንድ መግቢያ፣ አንድ ተጠቃሚ፣ ብቻ ነው፤ እሱም ሁሉን ማድረግ ይችላል፣ ግን ከዚያው ኮምፒውተር ውጭ አይገባም።

ለሥራ አስኪያጃችን ደወልሁና ችግሩንም የመጣውን ደመናም ነገርኋቸው። እጄ ሥራ ላይ ስለነበር የስልኩን ድምፅ ወደ ውጭ ከፍቼዋለሁ።

«ያንኑ ተጠቃሚ ከጎንደርም እንዲገባ ፍቀጅለትና ጨርሽው» አሉኝ።

«እሱ መለወጥም መሰረዝም ይችላል። ከጎንደር ሆኖ ኪሎ መቀነስ ይቻላል ማለት ነው።»

«ማን ይቀንሳል? ዝናብ እየመጣ ነው ስትዪኝ አልነበር?»

አያ ደሴ ሰምተዋል። ወንበራቸውን ወደኔ አስጠጉ።

«ማንበብ ብቻ የሚችል አዲስ ተጠቃሚ እከፍታለሁ፤ ብዙ አይፈጅም» አልሁ። «የሚታረም ነገር ቢመጣ ትርንጎ እዚሁ፣ የጭነቱ ባለቤት እያየ ታርመዋለች።»

ስልኩ ተዘጋ። እሺታም ክልከላም አልሰማሁም፤ ሥራዬን ቀጠልሁ።

አዲሱን ተጠቃሚ ከፈትሁ። ከላፕቶፔ ተቀበለኝ፤ ከጎንደር ሰርቨር ግን አሁንም አልሆነም። ይሁንና መልእክቱ ተለውጧል፤ ስለዚህ አንድ በር አልፌያለሁ ማለት ነው። አሁን የጎደለው ሁለቱን የሚያግባባው አስተርጓሚ ፕሮግራም ነበር። ሰርቨራችን ላይ የተጫነው ለአሮጌ ማሽን የተሠራው ነው። በርቀት ገብቼ አጠፋሁት፣ ትክክለኛውን ጫንሁ። ኔትወርኩ መሀል ላይ ጠፋ፤ ሲመለስ ካቆመበት ቀጠለ። ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲያርፉ ሰማን።

ትርንጎ የአያ ደሴን መኪና መዘነች። በሚዛኑ ላይ የወጣው ቁጥር ወዲያው በጎንደር ሰርቨር ታየ። ላፕቶፔን ወደሳቸው አዞርሁ።

«አሁን በጎንደሩ ኮምፒውተር በኩል አንድ ኩንታል ልቀንስብዎ ነው» አልኋቸውና ትእዛዙን ላክሁ።

«ምን አለሽ?»

«እምቢ አለኝ።»

«ደግመሽ ሞክሪ።»

ሞከርሁ። እምቢ። አያ ደሴ ከወንበራቸው ተነሥተው በሩን ከፈቱና «በሉ መኪናውን አስገቡ!» ብለው ጮኹ። ዝናቡ ከመክበዱ በፊት አብዛኛው ጭነት እየተመዘነ ጣራ ሥር ገባ፤ የቀረውን በሸራ ሸፈኑት።

ጎንደር

ገንዳ ውኃ አድሬ በማግስቱ ቢሮ ደረስሁ። ሥራ አስኪያጃችን ገና ሰላምታዬን ሳይመልሱ፣ አንድ ጭነት በሌላ ገበሬ ስም መመዝገቡን ነገሩኝ።

«ከዚሁ አስተካክይው» አሉኝ።

«ከዚህ አይቻልም።»

ወደዚህ ሥራ ስገባ ማገናኘት ማለት መክፈት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሽንፋ ላይ የተማርሁት ግን ምን እንደማይከፈት አስቀድሞ መወሰንም የዚያው ሥራ ግማሽ መሆኑን ነው። ይህን ለሳቸው አላስረዳሁም፤ የትርንጎን ስልክ ቁጥር ብቻ ሰጠኋቸው።

ትንሽ አጉረመረሙ። ከዚያ ደወሉ። ትርንጎ «ባለቤቱን ላስጠራና አብረን እናርመዋለን፤ እስከዚያ ይጠብቁ» ስትላቸው እኔም ሰማሁ።

«እሺ» አሉ፤ «እጠብቃለሁ።»