ለሐኪም የሚለበስ ቀሚስ

ስዊድን ውስጥ ሮግስቬድ የሚባል ሰፈር ስኖር ፊት ለፊቴ ያለው ቤት ውስጥ ከሆንዱራስ ገጠር የመጣች ሴት ነበረች። ሁለታችንም ገና ስዊድንኛ እየተማርን ስለነበር በዚያችው ባለችን እንግባባለን። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ሰው ፊት መናገር የምፈራ ነኝ። ወሬው የእሷ ነበር።

መንደሯ ሐኪም ቤት የለውም። በክረምት መንገዱ ስለሚቆረጥ ሐኪም ጭራሽ አይመጣም። በበጋ አልፎ አልፎ በጭነት መኪና ይመጣና ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይቀመጣል። አብራው የምትመጣው ነርስ ታዲያ ልብሱ ያደፈውንና እግሩ ጭቃ የነካውን እየሰደበች ወደ ሰልፉ መጨረሻ ትመልሰዋለች። ጀምበር ስታዘቀዝቅ መኪናው ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ሳይታይ ይቀራል። እናቷም እንደዚያ ተመልሰው ቤታቸው ሞቱ። እዚያ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚያደርገው ታጥቦ የክት ልብሱን መልበስ ነው።

አንድ ጠዋት በሬን አንኳኳች። ቀይ ቀሚስ ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተሠርታለች፣ ከንፈሯን ተቀብታለች። ግንባሯ ግን በላብ ርሷል።

«ሠርግ አለ እንዴ?» አልኳት።

«ሆዴን ነው። ዝም ብለሽ ነይ!»

ቮርድሴንትራሉ፣ ጤና ጣቢያው ማለት ነው፣ ሰው ሞልቶታል። ነርሷ ከመስኮቱ ጀርባ ሆና ከላይ እስከ ታች አየቻት። ጎረቤቴ እንደለመደችው ቀጥ ብላ ቆማ ፈገግ አለችላት።

«ደህና ትመስያለሽ። ማስታገሻ ዋጪና ነገ ጠዋት ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ» ብላ ቀጣዩን ጠራች።

ጎረቤቴ ቦርሳዋን አነሳች። እጇን ይዤ አስቀመጥኳትና ወደ መስኮቱ ተመለስኩ።

«አንሄድም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«አንሄድም። እንዲህ የለበሰችው ስለታመመች ነው። ቀሚሷን ተይውና ሆዷን ንኪው።»

ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ሌላ ቀን ቢሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ያን ቀን ግን ይዩኝ አልኩ።

ነርሷ እየተነጫነጨች ወጣች። ሆዷን በጣቷ ጫን ስታደርገው ጎረቤቴ ጮኸች። ሐኪም ተጠራ። ትርፍ አንጀት ነው፣ እስከ ነገ ቢቆይ ይፈነዳ ነበር አለ።

ፍሌሚንግስቤሪ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል የሚወስዳት አምቡላንስ ሲመጣ ሹፌሩ በሩ ላይ አቆመኝ።

«ቤተሰብ ብቻ ነው የሚሳፈረው። ምኗ ነሽ?»

ቁመቷ ትከሻዬ ጋ አይደርስም፤ መልካችንም ለየቅል ነው።

«እህቷ።»

ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። «በእናት ነው በአባት?»

«በሁለቱም» ብዬ ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።